የትርንጎ ጠበቃ

የሕግ ተማሪዋ የምስለ ችሎቱን ውድድር አሸነፈች። በዕጣ የደረሳት ለተከሳሹ ጠበቃ ሆና መቆም ነበር፤ በሐሰት ተወንጅሎ ለተባረረ ዘበኛ እንዲያ ስትከራከር ዳኛ ሆነው የተሰየሙት መምህራን ሳይቀሩ አጨበጨቡላት። የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንትም እሷው ነች። እሷን ግን ጭብጨባው አላስደሰታትም። ካለፈው ፈተና ወዲህ ምንም ነገር አያስደስታትም።

አዳራሹ በር ላይ ነጠላዋን ያጣፋች ሴት ትጠብቃት ነበር።

«የትርንጎ እናት ነኝ። ፈተና ላይ ስልክ ተገኘባት ተብላ የተባረረችው።»

ስልኩ የተገኘው ተማሪዋና ትርንጎ ጎን ለጎን ከተቀመጡበት ዴስክ ሥር ነው። ጉዳዩ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ሲቀርብ ተማሪዎችን ወክላ የተቀመጠችው ደግሞ እሷ ናት። ትርንጎ ትባረር ሲባል እጇን አውጥታለች።

«ጎሽ፣ እንዲህ ነው መከራከር» አለች እናትየው። «ለማታውቂው ዘበኛ እንዲህ ከሆንሽ፣ ለጓደኛሽማ እንዴት ትሆኚላት! ልጄ ስልኩ የኔ አይደለም ትላለች። ታዲያ የማን ነው ብላት፣ ብሞት አልናገርም አለች። ‹ፕሬዚዳንቷ ታውቃለች፣ እሷን ጠይቂያት› ብላ ላከችኝ። የማን ነው፣ የኔ ልጅ?»

ተማሪዋ የተሸለመችውን ዋንጫ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«የኔ ነው፣ እማማ» አለች።

ይህን ስትል ጓደኞቿ እየጨፈሩ ከኋላዋ ደረሱና ትከሻቸው ላይ አወጧት። ሴትየዋ በጫጫታው ያለችውን አልሰማችም። አብራ አጨበጨበችላት።