የጨው መሬት አበባ

ለሸዋረጋ የደረሳት መሬት ሲደርቅ ጨው የሚያወጣ ነበር። ጤፍ አያበቅልም። ያደላት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቢሻው ነው። ልጇ አድማሴ ለብሔራዊ ውትድርና በተፈለገ ቀን ጠፋ፤ ሱዳን ገባ ተባለ። ቅጣቱ ለእናቱ ተረፈ።

ሸዋረጋ አላለቀሰችም። የግብርና ሠራተኛው የሱፍ አበባ ዘርና ማዳበሪያ ሰጣት። ጨዋማ አፈር የተበተነ ማዳበሪያ አንቆ ስለሚያስቀር፣ እየቆነጠረች ከየዘሩ ጎን እንድትቀብረው ነገራት።

«ቁመቱስ?» አለችው።

ከሰው ይበልጣል አላት። ጠጋ ጠጋ አድርጋ ዘራችው።

አገሩ ማዳበሪያን እንደ ጤፍ ዘር ይበትናል። ቢሻው መሬቷ ላይ አንዲት ፍሬ ማዳበሪያ ቢያጣ፣ ሸጣዋለች ብሎ አስወራ። አበባው በቅሎ ሲረዝምም ግማሹን ሸጣለች ማለቱን አልተወም። እርሷም አበባው ከሰው ቁመት ካለፈ ወዲህ በየጠዋቱ የተሸፈነ አገልግል ይዛ ትወጣለች። የደበቀችውን በጥቂት በጥቂቱ ገበያ እያደረሰች ነው ተባለ። ከተረጋገጠባት መሬቱ ይነጠቃል፣ እርሷም ትታሰራለች።

አንድ ጠዋት ቢሻው ሁለት ታጣቂዎች አስከትሎ ማሳዋ ዳር ደረሰባት። አገልግሉን አስከፈታት። እንጀራ በሽሮ ነው፤ እስከ አፉ ሞልቷል።

«እትየ ሸዋረጋ፣ ይህን ሁሉ ብቻሽን?»

«ወፍ ስጠብቅ ነው የምውለው። ያንተ ሐሜት አያጠግብም።»

ታጣቂዎቹ ሳቁ። ቢሻው ፊቱ ጠቆረ። የተረፈውን ጆንያ አዝመራው መሃል ቀብራዋለች ብሎ አገዳውን ገፋ አድርጎ ሊገባ ሲል ሸዋረጋ ፊቱ ተገተረች።

«የተሸጠ ማዳበሪያ ነው ጨው ላይ ይህን ያቆመው? ግባ። የሰበርኸውን አገዳ ሁሉ ግን ተሸክሜ አይከል፣ አውራጃው ቢሮ እወርዳለሁ። መንግሥት ዘይት ሲጠብቅ ጓድ ሊቀመንበር ረገጠው እላለሁ። እነዚህ ምስክሮቼ ናቸው።»

ቢሻው ታጣቂዎቹን አየ። አንደኛው መሬት መሬት ያያል። አገዳውን ለቀቀው።

«ምነው እንዲህ ሆንሽ፣ ለአበባ?» አለ።

አገልግሉን መልሳ ከደነች። ሳይወድ፣ አዝመራው ሸጋ ነው ብሎ ሰዎቹን ይዞ ተመለሰ።

ወንዙን እስኪሻገሩ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ አገልግሉን አገዳው ሥር አስቀመጠች።

«ሄደዋል፣ አድማሴ» አለች። «ና ብላ።»