ዲቃላው በቆሎ

አዳቃይዋ የበቆሎውን እሸት ሸልቅቃ ለምርምር ጣቢያው ኃላፊ አቀበለች። ሽማግሌው ኃላፊ ያልጣማቸውን እሸት ሰው ፊት እንትፍ ከማለት የማይመለሱ ሰው ነበሩ። እስከዛሬ ያቀረበችላቸውን ሁሉ ተፍተውታል። ለማዳቀል የመረጠቻት እናቲቱ ዘር እንደ ስኳር ብትጣፍጥም አገዳዋ ነፋስ ሲነካው ይጋደም ነበር፤ አባትዬው ደግሞ አገዳው ብርቱ ቢሆንም የፍሬው ልጣጭ ጥርስ ውስጥ እየተሰነቀረ ያስመርራል። ሁለቱን ስታዳቅል፣ ከልጆቻቸው መሀል ስትመርጥ ዓመታት ነጎዱ። ዛሬም ካልተሳካ ማሳው ለስንዴ ሊታረስ ነው፤ ትራክተሩ ሞተሩን አስነስቶ ዳር ላይ ቆሟል።

“መቼም አንቺ ልጅ ተስፋ አትቆርጪም” አሉ ኃላፊው እሸቱን እያገላበጡ። “ይኸኛውስ ምን ሊል ነው?”

“ይቅመሱታ፣ ጋሼ።”

ጥሬውን ገመጡት። ወተቱ አገጫቸው ላይ ፈሰሰ። ቀስ ብለው አላመጡት። እሷ ትንፋሿን ይዛ ከንፈራቸው ላይ አፈጠጠች፤ አሁን ይተፉታል ስትል ጉሮሯቸው ከፍ ዝቅ አለ። ዋጡት! ደገሙ፣ ሠለሱ፤ ከዚያም አፋቸው እንደሞላ ወደ ትራክተሩ ዞረው “አንተ! አጥፋው ሞተሩን! ይሄ ማሳ አይነካም!” ብለው ጮኹ።

አዳቃይዋ እልል ማለቷን ያወቀችው የገዛ ድምጿን ስትሰማ ነው። ከደስታዋ ብዛት የተረፈውን ተቀብላ ልትገምጥ እጇን ዘረጋች። ኃላፊው ግን እሸታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ጀርባቸውን ሰጧት።

“የራስሽን ቁረጪ!”