ሦስቱ መጫኛዎች

አብዱልሐሊም በሀብሩ ወረዳ የግራና ቀበሌ ገበሬ ነው። ስድስት ልጆቹን የሚያከርምበት ማሽላ በጓሮው ጉድጓድ ተቀብሯል። ከጦርነቱ በፊት እርዳታ ይመጣል ተብሎ የሀብሩ ገበሬ ጉድጓዱን አስመዝግቦ ነበር። እርዳታው አልመጣም፤ ታጣቂዎች መጡ።

እህሉን ሊዘርፉበት የፈለጉት መዝገብ የሚከፈተው የአብዱልሐሊም የወንድም ልጅ ኢብቲሳም በሠራችው የኮምፒውተር ፕሮግራም ብቻ ነበር። ታጣቂዎቹ ከየመሥሪያ ቤቱ “የተዋሷቸው” ኮምፒውተሮች ደግሞ ሦስት ዓይነት ናቸው። አዛዣቸው መርሳ ከተማ ላይ ጄኔሬተር አስነሥቶ ለየዓይነቱ ፕሮግራሙን የሚጭን መጫኛ እንድትሠራ አዘዛት።

አብዱልሐሊም የምትሠራበት ቤት በር ላይ ጠበቃት።

“አንቺ ልጅ፣ የኔን ስም ፋቂልኝ።”

“አይሆንም፣ አጎቴ” አለች፣ ጠመንጃ የያዘውን ዘበኛ እያየች። “ገና የዊንዶውሱን መጫኛ ነው የጨረስኩት። የማኩና የሊኑክሱ ይቀራል።”

“ሦስት መጫኛ? የኔ አህያ እንኳ አንድ ይበቃታል!”

“የአንዱ ለሌላው አይሆንም።”

“ለሌባ መሰላል ስትሠሪ እንኳ ሦስት! ወላሂ፣ አባትሽ ቢኖር ይረግምሽ ነበር።”

ዘበኛው ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ መርሳ ላይ ሰላም የሚላት ጠፋ። መስከረም አለፈ፤ ጥቅምትም። አዛዡ “መጫኛው ዛሬም እምቢ አለ!” እያለ ይጮኻል፤ እሷ “ጌታዬ፣ ይሄኛው ዓይነቱ ሌላ ነው” ትላለች። አዛዡ አላውቅም ከማለት ሞቱን የሚመርጥ ሰው ስለሆነ ራሱን ነቅንቆ ሌላ ያዛታል። “ትጋቷስ!” አለ አብዱልሐሊም ሲሰማ።

ታኅሣሥ ሲገባ ታጣቂዎቹ ማሽኖቹን ጥለው ወጡ። አብዱልሐሊም ወደ ጓሮው ሮጠ። የጉድጓዱ ድንጋይ እንዳለ ነው፤ ማሽላውም።

“አልሐምዱሊላህ! አላህ ጋረደው።”

የጎረቤቶቹንም ጋርዶላቸው ነበር። አመስግኖ ሲያበቃ የወንድሙን ልጅ ሊመሰክርባት ወደ መርሳ ገሰገሰ።

የሚሊሻው ኃላፊ አስፋው ኢብቲሳምን አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ሦስት ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ ደርድሯል።

“የማን ናቸው?”

“የኔ።”

“ሦስቱም?”

“ሦስቱም።”

“በዓይኔ አይቻለሁ!” አለ አብዱልሐሊም ጣቱን ቀስሮ። “የሸጠችን እሷ ናት፤ ያውም በሦስት ዓይነት!”

አስፋው የመጀመሪያውን ፍላሽ ታጣቂዎቹ ጥለዋቸው ከሄዱት ማሽኖች በተሠራለት ዓይነት ላይ ሰካ። አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ ሞላ፤ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ቆመ፤ ጽሑፍ ወጣ። ጮክ ብሎ አነበበው። ሁለተኛውን በሁለተኛው ማሽን፣ ሦስተኛውን በሦስተኛው ሞከረ። ድምፁ እየቀነሰ ሄደ፤ ያነበበው ግን ያንኑ ነበር፦

“ይህ ማሽን ዓይነቱ ሌላ ነው። እባክዎ ሌላ መጫኛ ያሠሩ።”