ዱላ አይታ ሰው የምታውቀው

በጎልፍ ሜዳችን እንደ እኔ ዱላ አይቶ ሰው የሚያውቅ የለም። ጉራ ስለምወድ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። የብረት ዱላ ፊቱን ካየሁ የባለቤቱን ችሎታ እነግራችኋለሁ። ጎበዝ ሰው ኳሷን ሁልጊዜ በመሀሉ ስለሚመታት ብረቱ የሚፋቀው መሀሉ ላይ ብቻ ነው። ያልቻለበት ግን ያላስነካው ቦታ የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ለእኔና አብራኝ ለምትሰለጥነው ለዘቢባ ሁለት ቦርሳ አዲስ ዱላ መጣልን። አንዱ ቀጭን ነው፣ ለጎበዝ የሚሆን። ሌላው ወፍራም ነው፣ ብትስቺም የሚታገስሽ፣ የጀማሪ። ቀጭኑን ካልወሰድኩ ሞቼ እገኛለሁ ብያለሁ።

አሰልጣኛችን ጋሽ ላቀው አንድ አሮጌ ዱላ አቀበለኝ።

“አዋቂ ነኝ አላልሽም? እስቲ ፍረጂ፤ ለዚህ ዱላ ባለቤት የትኛው ይሁናት?”

“ይሁናት” ሲል ነቃሁ። የዘቢባ ነው ማለት ነው! እሷ ደግሞ አጠገባችን ቆማ ጫማዋን ታያለች። ዱላውን አገላበጥኩት። ጫፉ ተፍቋል፣ ጥጉ ተፍቋል፣ አንገቱ እንኳን አልተረፈም።

“ውይ ጋሼ! ይቺ ልጅ ኳስ ነው ወይስ ድንጋይ ስትመታ የከረመችው? ወፍራሙን ስጣት! እሱንም ከቻለችው ነው።”

“እርግጠኛ ነሽ?”

“ኧረ በእናቴ!”

ጋሽ ላቀው ቀጭኑን ለዘቢባ ሰጣት። ወፍራሙን ቦርሳ አንስቶ እኔ ትከሻ ላይ አንጠለጠለው።

“ምነው ጋሼ?” አልኩት።

“ትናንት እጀታውን ብቀይረው የራስሽ ዱላ ጠፋሽ?”