ሠራተኛን በእጅ ማስገባት

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሰኞ ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ ፈቶ በሚስቱ ወንድም ቤት የከረመ ሰው ደረጃ ቶሎ ያደክመዋል።

የሚስቱ ወንድም ክፉ ቃል አይወጣውም። ብቻ እነሱ መብራት ባበሩ ቁጥር ይመጣና ያጠፋዋል።

ሥራውን ያገኘው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ነው። የስፌት ቤቱ ባለቤት ወሬ የማያበዙ ሰው ናቸው።

"ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አዳዲስ ማሽን አለኝ፣ ጥሩ ጥሩ ልጆች አሉኝ። የጎደለኝ የሚመራቸው ሰው ነው" አሉት። "እኔ መንገደኛ ነኝ፤ ቅዳሜ እመለሳለሁ። ሠራተኛውን በእጅህ አስገብተህ ካገኘሁህ ሥራው ያንተ ነው። ካልሆነ በሰላም እንለያያለን። እስከዚያ በየሰበቡ እንዳትደውልልኝ።"

ሚስቱ ስትሰማ አለቀሰች። "እውነት ከወንድሜ ቤት ልንወጣ ነው?"

"ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ፍለጋ እንወጣለን" አላት።

ደረጃው ላይ ሽርጥ የታጠቁ፣ አንገታቸው ላይ ሜትር ያንጠለጠሉ ሰዎች ተዘርግተው ያወራሉ። የጎረቤት ሠራተኞች መሆናቸው ነው። በመሀላቸው ተሹለክልኮ የማሽን ድምፅ ወደሚንጣጣበት በር ገባና ሁለት እጁን አጨበጨበ።

"ከዛሬ ጀምሮ የምመራችሁ እኔ ነኝ!"

ማሽኖቹ ጸጥ አሉ። ሠራተኛው ሁሉ ዞሮ ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ የቆሙትን ሴትዮ አየ። እትዬ መቀስ ይሏቸዋል። እሳቸውም በመነጽራቸው አናት አዩትና "እሺ ጌታዬ" አሉ። ሌላውም "እሺ" አለ። አለቃ እንደ ካልሲ የሚቀያየርበት ቤት ስለነበር አንተ ማነህ ያለው የለም።

ማሽኖቹ አዲስ አልነበሩም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ በገመድ የታሰሩ ናቸው። ባለቤት ማጋነን ይወዳል ብሎ አለፈው።

እውነቱን ለመናገር ሰው መምራት ያውቅበታል። ቆራጮቹን ወደ መስኮቱ አስጠጋ። ወሬኞቹን ለያየ። አዟዙሮ አያስጨንቅም፤ ምን እንደሚፈልግ ባጭሩ ተናግሮ፣ አንዴ ሠርቶ ያሳይና ዞር ይላል። የጎበዘውን በሰው ፊት ያመሰግናል፣ ያጠፋውን ለብቻው ይቆጣል። እስከ ረቡዕ ድረስ የተሰፋው አንሶላ ክምር ጣሪያ ሊነካ ደረሰ።

በእጁ ያልገባችለት እትዬ መቀስ ብቻ ነበረች። ፊት ለፊት አንቱ ይላታል፤ በሆዱ ግን አንቱታው ከቀረ ቆይቷል። አንድ ነገር ባዘዘ ቁጥር ስልኳን ይዛ ጥግ ትገባለች፣ አፏንም በእጇ ትሸፍናለች። ማክሰኞ "እና እሱ እንዳለው እናድርግ?" ስትል ሰማት። ሐሙስ ደግሞ "ኧረ ደመወዝ የሚባል አላነሳም!" ብላ ከት ብላ ሳቀች።

ደሙ ፈላ። ወንበሩን የፈለገችው እሷ ናት፤ ከጀርባ ሆኖ የሚመክራትም ሰው አለ።

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? አታባርራትም?" አለችው ሚስቱ ማታ፣ ወንድሟ እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ቅዳሜ፣ ባለቤቱ ፊት ነው የማደርገው። አንጀቷ እርር ይበል።"

ዓርብ ጠዋት ሠራተኛው ደከም ያለ መሰለው። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ደረጃው ላይ የተጎለቱትን የጎረቤት ሰዎች በጣቱ አሳየ። አንዱ ኦቾሎኒ ይፈለፍላል፤ አንዷ የጓደኛዋን ፀጉር ትሠራለች።

"እዩ! መሪ የሌለው ሠራተኛ ይሄን ይመስላል። ሳምንቱን ሙሉ ክር አልነኩም። ያ አለቃ ተብዬ የት እንደተጋደመ እግዜር ይወቀው!"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ደረጃው ላይ ያሉትም አብረው ሳቁ። ሥራ አስኪያጁ ለዚያ ላልታወቀው አለቃ ትንሽ አዘነለት፤ እንጀራውን በገዛ እጁ የሚገፋ ሰው ያሳዝነዋል።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የባለቤቱ ሳል ከደረጃው ተሰማ። ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን አስተካከለ። ሚስቱ ከማለዳ ጀምሮ ጫማዋን አድርጋ ትጠብቀዋለች።

"ዛሬ ይለይልናል፣ እትዬ" አላት ለእትዬ መቀስ።

"ምኑ ጌታዬ?"

የተሰፋው ክምር ከውጭ እንዲታይ በሩን በሰፊው ከፍቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ደፉ ላይ ቆመ። ባለቤቱ ሻንጣቸውን እንደያዙ ደርሰዋል። ወደ እሱ ግን አላዩም። ደረጃው ላይ በተቀመጡት ሰዎች ፊት ቆመው ፊታቸው በንዴት ቀልቷል።

"ምን ሆናችሁ ነው እዚህ የተጎለታችሁት?" ብለው ጮኹ።

አንዷ ሽርጧን እያራገፈች ተነሣች። "ምን እናድርግ ጋሼ? እርስዎ አይደሉ እንዴ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሳይመጣ ማሽን እንዳትነኩ ያሉን? ይኸው ከሰኞ ጀምሮ እየጠበቅነው ነው።"