ቅዳሴ ወጥቷል

በዚያ ኅዳር ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ የታጨደውን ጤፍ አበሰበሰው፤ ፀሐይም ጠፋች። ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ግን ጾመ ነቢያትን ሳያጓድል ጾሞ ለገና ሊቆርብ ለሟች ሚስቱ ቃል ገብቶላት ነበር። ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አይቀምስም። ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዝ ማዶ ነውና ደወሉ አይሰማም፤ በሙቀቷ ሰዓት የሚለይባት ፀሐይም የለችም፤ የሚነግረው ጎረቤቱ ጌጤ ነው።

«ወጣ?»

«ሰው ሲመለስ አየሁ፣ አያ። ይብሉ።»

አማትቦ ቆሎውን ይቆረጥማል።

ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እንደ ወትሮው ተነግሮት ቀመሰና ጌጤን «ወደ ንስሓ አባቴ ውሰደኝ» አለው። ጌጤ በትሩን ይዞ እየመራ ወንዙን አሻገረው። ደጀ ሰላሙ ሲደርሱ የካህናቱን ዜማ ሰማ።

«ቅዳሴው አልወጣም እንዴ?»

«ገና መጋመሱ ነው። እኔ በምነግርዎ ሰዓት አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም።»

«ጾሙን ሙሉ ‹አየሁ› ስትለኝ?»

«የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ዓይንዎ ሳይጠፋ፣ ድንበሬ ሲገፋ ቆመው እያዩ ዳኛ ፊት ‹አላየሁም› አሉብኝ። ያችን መለስኩልዎ።»

ጌጤ በትሩን አስጨበጠው። ጫማውን አወለቀና ሊያስቀድስ ገባ።