መሪ የለቀቁ እጆች

አባቱ ሁለቱንም እጆቻቸውን ከመሪው ላይ አንስተው ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዱ ዝንብ ለማባረር እንኳ መሪ ለቀው አያውቁም ነበር። «እስቲ ዛሬ ደግሞ ልጄ ይንዳኝ!» አሉ በኩራት እየሳቁ። የኤሌክትሪክ መኪናዋ ራሷን እየነዳች ከመንገዱ በላይ ወደሚያልፈው ድልድይ ተጠጋች።

የድልድዩ ጥላ ፈጣኑን መንገድ አቋርጦ ተጋድሟል። አጠገባቸው የተቀመጠው ልጃቸው መኪናዋን ከሚነዳው ሶፍትዌር ሠሪዎች አንዱ ነበር። መኪናዋ እንዲህ ያለውን ጥላ አንዳንዴ ግድግዳ እየመሰላት ድንገት ፍሬን ትይዛለች የሚል ሪፖርት ባለፈው ወር ደርሶት፣ ሁለቴ ብቻ ሞክሮ «ችግሩ አልታየም» ሲል የዘጋው እሱ ራሱ ነው።

«አባባ፣ መሪውን ይያዙ!»

«ምነው? አንተ የሠራኻት አይደለችም እንዴ?»

«ጥላውን አይታ ድንገት ልትቆም ትችላለች። አውቃለሁ፤ ይያዙ!»

አባቱ መሪውን ጨብጠው ጥላውን በራሳቸው እጅ አሻገሯት። ሳቃቸው ጠፍቷል። «ለእኔስ ነገርከኝ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለሌላው ሰውስ?»

ልጁ ዓይኑን ወደ ጎን መስተዋቱ አሸሸ። የእነሱው ዓይነት መኪና ከኋላቸው ወደ ጥላው እየመጣች ነበር። መሪው ጋ የተቀመጠችው ሴት በሁለት እጆቿ ፀጉሯን ታስራለች።